የማንም ያልሆኑ ካፖርቶች

አያ ዘለቀ ማረፉን የነገረኝ ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ነው። «አያ ዘለቀ አረፈ» አለኝና ሱቄ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ፊት ፊቴን ያየኝ ጀመር። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። ቀልድ ነበር የሚጠብቀው። በጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ እድሩ ይሰማል፤ ቀጥሎ «ጌጡ ምን አለ?» ይባላል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አርባ ስምንቱን ሰው ሳስቅ ነው የኖርሁት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ አፍ ስላልፈታሁ አረፍሁ። በዚያን ዕለት ግን አፌን ብከፍት የሚወጣ ነገር ጠፋ። ጫማ ሻጩ ትንሽ ጠብቆ፣ ዕቃ አጥቶ እንደሚመለስ ገበያተኛ ቅር ብሎት ሄደ።

እንግዲህ ያን ዕለት ያቃተኝን ነገር ዛሬ ልጽፈው ነው። አጋንኜ እንደማወራ አገር ያውቃል። ስለዚህ ትልቅ የመሰላችሁን ሁሉ በግማሽ ቀንሳችሁ አንብቡ። አያ ዘለቀን ያደረግሁትን ግን አትቀንሱልኝ፤ እሱ ልክ በመጠኑ ነው የተጻፈው።

አያ ዘለቀ ከጣሊያን ጊዜ በቀረ አንድ ፎቅ በረንዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ልብስ የሚጠግን ሰው ነበር። የስፌት ማኪና አልነበረውም። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መርፌ፣ አንድ መቀስና በየቀለሙ የተጠቀለለ ክር ብቻ ነበር ዕቃው። ቁመቱን በተመለከተ፣ ከበርጩማው ሲነሳና ሲቀመጥ ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ምስክር ያስፈልግ ነበር። «አያ» እያልን «አንተ» የምንለውም አክብሮት አጥተን አይደለም፤ በኛ አገር «አያ» ከተባለ በኋላ «አንቱ» መጨመር ጨው ላይ ጨው ነው።

ሥራውን የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ «እኔ ጠቃሚ ነኝ» ይል ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ጉራ መስሎኝ፣

«አያ ዘለቀ፣ ራስህን በራስህ?» አልሁት።

«ምነው? የድሮ ሰው እኮ በመርፌ መስፋትን መጥቀም ነው የሚለው። መርፌ የያዘ ሁሉ ጠቃሚ ነው። እናንተ ጥቅም የምትሉት ሌላው ሁሉ ከዚህ የተዋሰ ነው።»

ልብስ ሲመጣለት ዋጋ ከመናገሩ በፊት፣ ቀዳዳውንም ከማየቱ በፊት «የማን ነው?» ይላል። ያልተመለሰለት እንደሆነ ልብሱን ጭኑ ላይ አጥፎ ያስቀምጥና ይጠብቃል። መልሱን ለወሬ አይደለም የሚፈልገው። ቀዳዳ ብቻውን አይመጣም፤ ሰውየውን ይዞ ነው የሚመጣ ይል ነበር። ማሕሌት የሚቆም ካህን መቋሚያውን ተደግፎ ስለሚያድር ብብቱ ያልቃል። የቢሮ ሰው ክርኑ ያልቃል። ሾፌር የግራ ትከሻው ያልቃል። ብብት ላይ እንደ ክርን ብትጥፍ ካህኑ እጁን ሲያነሳ ይቆነጥጠዋል፤ ክርን ላይ እንደ ብብት ብትጥፍ ደግሞ ወር አይቆይም። ስለዚህ ልብሱን ሳይሆን ሰውየውን ነበር የሚጥፈው።

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የባሏን ሱሪ አመጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ወሬ እያሳመርሁ ነበር።

«የማን ነው?»

«የባሌ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ነጋዴ ነው፤ በርበሬ ነው የሚነግድ።»

አያ ዘለቀ ሱሪውን ወደ ብርሃን አነሳው። ሁለቱም ጉልበቶች ሳስተው ወዲያ ማዶ ያሳያሉ። «የበርበሬ ነጋዴ ጉልበቱ አያልቅበትም። ይኸ ሰውዬ ይሰግዳል» አላት።

«ኧረ እሱ! ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ ከሄደ ነው።»

«እኔ እንጃ፤ ሱሪው ይሰግዳል።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ያን ዓመት ልጃቸው ታሞባቸው እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት። ባልየው ማንም ሳያየው በርበሬው መጋዘን ውስጥ ሲሰግድ ከርሟል። አያ ዘለቀ ጥፉን ለስላሳ አድርጎ ስፌቱን ወደ ጎን አወጣው፤ ጉልበቱን እንዳይቆረቁረው።

የራሱ ካፖርት ቡናማ ነበር። ሁለት ጊዜ አፍርሶ ገልብጦታል። «አያ ዘለቀ፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ እኮ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ ማለት ነው፤ በከንቱ ደከምህ» አልሁት። ትንሽ አሰበና «ፊቱ ግን አረፈ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔ ቀልድ እወረውርለታለሁ፤ እሱ ተቀብሎ ጠግኖ ይመልስልኛል።

እኔ ሰልባጅ ነው የምሸጠው። ፈረንጅ የጣለውን ካፖርትና ሹራብ ቦንዳ ፈትቼ አራዳ እሰቅላለሁ። አንድ ቀን ሊያ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ሱቄ ስትገባ የካፖርቷን እጅጌ የበሩ ሚስማር ቀደደው። ሚስማሩ ከኔ በፊት የነበረ ነው፤ በሩም ከሚስማሩ በፊት። ሆኖም ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ወደ አያ ዘለቀ ወሰድኋት። እሱም እንደ ልማዱ ሥራዋን ጠየቀ፣ ከራሱ ከካፖርቷ የውስጥ ጠርዝ ክር መዘዘ፣ በዚያው ክር ቀዳዳውን ሸመነው። ሊያ ጣቷን እያስኬደች ቦታውን ፈልጋ አጣችው።

እሷ ለካ ልብስ ለውጭ አገር የምትልክ ሰው ናት። «አቶ ጌጡ፣ እኛ የምንሠራው ዘላቂ ፋሽን ነው» አለችኝ።

«ዘላቂ እንኳ እዚህ የለም፤ ዘለቀ ግን አለ» አልኋት።

አልሳቀችም። ሊያ ቀልድ ሲነገራት ስልኳን አውጥታ ማስታወሻ የምትይዝ ዓይነት ሰው ናት። ከዚያ አስረዳችኝ። ሰዎች ልብስ እየገዙ መጣል አሳፍሯቸዋል፤ አንድ ልብስ ብዙ ዘመን እንዲኖር፣ ሲቀደድም እንዲጠገን ይፈልጋሉ፤ ሰው የኖረበት ልብስ ይወዳሉ።

«እኛ ዘንድ ይኸ ድህነት ነው የሚባለው» አልኋት።

«እኛ ዘላቂነት እንለዋለን» አለችኝ።

ትእዛዟ አርባ ካፖርት ነበር። ሁሉም የዚህ አገር ሰው የለበሳቸው፣ ያረጁ፣ በአያ ዘለቀ እጅ የተጠገኑ መሆን አለባቸው። በየአንዳንዱ ላይ ትንሽ ካርድ ይንጠለጠላል። ካርዱ ላይ ማን እንደለበሰው፣ የት እንደተቀደደ፣ ማን እንደጠገነው ይጻፋል። ለገና ማግስት ማድረስ አለብኝ። ለአያ ዘለቀ ስነግረው መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣

«ፈረንጅ ጥፍ ልብስ ሊለብስ ነው?» አለኝ።

«ሊለብስ ነው።»

«ሸጋ ነው። ልብ ገዛ እንግዲህ።»

ሐሳቡ እውነትም ሸጋ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በቅን ሠራሁ። ከሰው ላይ አሥራ ሁለት ያረጀ ካፖርት ገዛሁ። ከዚያ ነጠፈ። የጎንደር ሰው ካፖርቱን የሚጥለው ካፖርቱ እሱን ሲጥለው ነው። አንዱን ሽማግሌ «ይኸን ካፖርት ሽጥልኝ» ብለው «ቆዳዬንም ጨምረህ ግዛዋ» አለኝ። ለሊያ ደውዬ «አሥራ ሁለት ነው ያለ፤ ሌላው የለም» ማለት ነበረብኝ። አንድ አረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ቀና ብዬ ሱቄን አየሁት። ሱቄ ሙሉ ካፖርት ተሰቅሏል። የሰልባጅ ካፖርት ችግሩ አለማርጀቱ ነው፤ ፈረንጅ ሳያረጅ ነው የሚጥለው።

ስለዚህ አስረጀኋቸው። ክርናቸውን በድንጋይ ፈገፈግሁ፣ ኪሳቸውን በቢላ ተለተልሁ። ይኸ አድካሚ ሲሆንብኝ የማውቀውን ባለ ባጃጅ ጠርቼ ካፖርቶቹን በገመድ ከኋላ አስሬ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ጎተትኋቸው። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየኝ። «ጌጡ፣ ምን እያረግህ ነው?» ሲሉኝ «ልጆቼን አገር እያስጎበኘሁ» እላለሁ። ነገሩን አስቡት እንግዲህ። ካፖርቱ ከፈረንጅ አገር ደህና ሆኖ መጣ፤ እኔ ቀደድሁት፤ አያ ዘለቀ ጠገነው፤ ተመልሶ ወደ ፈረንጅ አገር ሄደ። ይኸ ሁሉ የሆነው ልብስ እንዳይባክን ነው።

ችግሩ «የማን ነው?» ነበር። ለሌላ ሰው ችግር ነው፤ ለኔ ግን በሬን ወደ ሣር መንዳት ነው። ባለቤት ፈጠርሁ። አንዱን የዳባት ንብ አናቢ አደረግሁት፣ አንዱን የቆላ ድባ ደብተራ አደረግሁት፣ አንዱን ሰባት ጊዜ ተድሮ ስምንተኛዋን የሚፈልግ የወፍጮ ባለቤት አደረግሁት። አያ ዘለቀ ሁሉንም ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ንብ አናቢውን ሲሰማ አንገትጌውን ጠበቅ አደረገለት፤ ንብ እንዳይገባበት። የወፍጮ ባለቤቱን ሲሰማ «ለሰባተኛዋ እዘኑላት» አለና ኪሱን አጠነከረለት። ያ ንብ አናቢ በዓለም ላይ የለም። አንገትጌው ግን አለ፤ ንብ በማያውቅ አንድ ከተማ ውስጥ የማያውቀውን አንገት ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

ከባጃጁ ካፖርቶች አንዱን ያመጣሁለት ቀን ግን ልማዱን ለወጠ። አልጠየቀኝም። ጀርባውን ዘረጋው፣ በጥፍሩ ጫረው፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ይኸ የኑሮ ቀዳዳ አይደለም» አለ። «ኑሮ ከውስጥ ነው የሚበላ። ይኸን የበላው መሬት ነው። ይኸ ሰው ተጎትቷል።»

ልቤ ቆመ። አፌ ግን ልቤን ጠብቆ አያውቅም።

«በቅሎ ጎትታው ነው» አልሁ።

«ማንን?»

«ካሴ የሚባል ሰው ነው። የመካነ ብርሃን ሰው፣ ደገኛ ነው። ከገበያ ሲመለስ ደንብራ ጣለችው፤ እግሩ ከርካቡ ሳይወጣለት ያን ሁሉ ቁልቁለት ይዛው ወረደች። ገደል አፍ ደርሳ ሣር አየችና ቆመች። ሣሩ ባይኖር አልቆለት ነበር።»

«ተረፈ?»

«ተረፈ። ትንሽ ያነክሳል። በቅሎዋ ግን እስከ ዛሬ አኩርፋዋለች።»

አልሳቀም። ካፖርቱን ጭኑ ላይ አጠፈው። «ካፖርቱን ላንተ ሸጦ ምን ለብሶ ሄደ?»

ለሰውየው በቅሎ ሰጥቸዋለሁ፣ ገደል ሰጥቸዋለሁ፣ ማነከስ ሰጥቸዋለሁ፤ መለወጫ ልብስ መስጠቱን ግን ረስቸዋለሁ።

«ታኅሣሥ እኮ ነው» አለኝ። «ደጋውን ታውቀዋለህ? ውርጩ ገብሱን ያቃጥለዋል። ያነክሳል ደግሞ አልህኝ።»

ያ ካፖርት አራት ቀን ፈጀበት። ሌላውን በአንድ ቀን ነበር የሚጨርስ። የጀርባውን ገበር ፈትቶ ከውስጥ ድርብ አድርጎ ሰፋው፤ ያን ቁልቁለት የወረደ ጀርባ መቼም ሳያመው አይቀርም ብሎ ነው። አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጨርሶ ሲያቀብለኝ «ማክሰኞ እሄዳለሁ» አለኝ።

«ወዴት?»

«መካነ ብርሃን። ካፖርቴን ልሰጠው ነው።»

ሳቅሁ። ሳቄ ብቻውን በረንዳው ሥር ቀረ። የሚያወራው ስለዚያ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠው ካፖርት ነው። ሌላ እንደሌለው አራዳ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ሦስት ቀን ነበረኝ። ለሊያ ስምንት ካፖርት ቀርቶኛል። እውነቱን ብነግረው መርፌውን እንደሚያስቀምጥ እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ የጠገናቸውንም ሁሉ መልስ ይለኛል። ባልነግረው ደግሞ አንድ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እኔ የፈጠርሁትን ሰው ፍለጋ ውርጭ ውስጥ ይገባል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እነግረዋለሁ አልሁ። እሑድ ቤቱ ስደርስ ሚስቱ እትዬ ስንዱ ካፖርቱን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች። «ለሰው ሲሰጥ ንጹሕ ይሁን ብሎኝ ነው» አለችኝ። አፌ ሌላ ውሸት አመጣልኝ።

«አያ ዘለቀ፣ ካሴ ወደ ዛሪማ ወርዷል አሉ። ቆላ ነው፤ አይበርደውም።»

«እንግዲያ ሲመለስ ይበርደዋል» አለኝ።

ሰኞ ቁርጤን አውቄ ሄድሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን እየደጋገምሁ ነው የሄድሁት፤ «አያ ዘለቀ፣ ካሴ የሚባል ሰው የለም» የሚል ነበር። በእጄ ዳቦና ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ዳቦውን ሲያይ ደስ አለውና «ስንቅ አመጣህልኝ?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። እውነቱን ልሰጠው ሄጄ ዳቦ ሰጥቼው ተመለስሁ።

ማክሰኞ ሄደ። ደባርቅ አድሮ፣ ከደባርቅ ወዲያ በጭነት ማኪና ላይ። እነዚያን ቀናት እኔ አራዳ ውስጥ ከወትሮዬ አሥር እጥፍ ቀለድሁ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወደ በረንዳው ግን ቀና ብዬ ማየት አልሆነልኝም፤ ባዶው በርጩማ ፊት ያለው ይመስለኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ አገኘሁት። ጋቢ ተከናንቦ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ያስላል። ካፖርቱ የለም።

«ደረስህ?» አልሁት።

«ደረስሁ።»

«አገኘኸው?»

መርፌውን አስገብቶ አወጣ። «ካሴ የሚባል ሦስት ሰው አገኘሁ። አንዱ ቄስ ነው፤ በቅሎው ጨዋ ናት፣ ጎትታው አታውቅም። አንዱ ነጋዴ ነው፤ እሱ ማኪና እንጂ በቅሎ አይወድም። ሦስተኛው በቅሎም ኖሮት አያውቅ፣ ካፖርትም ኖሮት አያውቅ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ለሱ ሰጠሁት። የበረደው እሱ ነበር።»

«ዋሸኸኝ» ቢለኝ ወይ እምል ነበር ወይ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር፤ ሁለቱንም አውቅበታለሁ። እሱ ግን እጁን ዘረጋና «የቀረውን አምጣ» አለኝ። ከስምንቱ አንዱን ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አጠፈው፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደ ወትሮውም፣

«የማን ነው?» አለኝ።

አሁን ሳስበው በር ነበር የከፈተልኝ። ሰፊ በር። ያን ዕለት ግን የጥያቄው ልማድ መሰለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ።

«የአንድ አስተማሪ ነው» አልሁት። «የደባርቅ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። «እሺ» አለ።

የቀሩትን ሰባት ካፖርቶች ሳይጠይቀኝ ጠገናቸው። ስፌቱ እንከን አልነበረውም፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ አንገትጌ ጠበቅ አላለም፣ አንዱ ጀርባ ድርብ አልሆነም። የማንም አልነበሩማ። ሊያ መጥታ ወሰደቻቸው። የካሴን ካርድ ስታነብ አለቀሰች፤ ከሁሉም ይኸ ይበልጣል አለች። ደርሰውም በጣም እንደተወደዱ ደውላ ነገረችኝ። ለሷም እውነቱን አልነገርኋትም። በዓመቱ ስትደውል «አያ ዘለቀ ዓይኑ ደክሟል» ብዬ ትእዛዙን መለስሁ። ዓይኑ ግን እንደ ጭልፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ስለዚህ ብርዱ ገደለው ብዬ ራሴን እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጥርም፤ ይኸንንም አጣርቻለሁ፤ ሐኪሙም እትዬ ስንዱም የሚሉት ሌላ ሕመም ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ትልቅ ኃጢአት ንስሐ አባት ፊት ይነገራል። የኔ እንዲህ የሚነገር አይደለም። አያ ዘለቀ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን «የማን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ በቃ ይኸው ነው። ሰላምታ አልነፈገኝም። ስቀልድ ፈገግ ይላል። ሌላ ሰው ልብስ ሲያመጣለት ይጠይቃል፣ እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። እኔ ሳመጣ ተቀብሎ መስፋት ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ሆን ብዬ የራሴን ሱሪ አውልቄ ወሰድሁለት። ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ትንሽ ጠብቄ «የኔ ነው» አልሁት፣ ሳልጠየቅ።

«እሺ» አለኝ።

ቀና አላለም። ሱሪው ተጠገነ፤ ሸጋ አድርጎ ነው የጠገነው። ስቀመጥበት ይቆረቁረኛል።

ያ ካፖርቱን የተቀበለው የመካነ ብርሃኑ ካሴ ደግሞ ወዳጅ ሆነው። ለጥምቀት ጎንደር ሲወርድ እነሱ ቤት ነበር የሚያርፈው። መምጣቱን ስሰማ ሱቄን ዘግቼ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ሁለት ጥምቀት እንዲህ አመለጥሁት። ለቅሶ ግን ላይኛው መንገድ የለውም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አንድ ቀጠን ያለ ሰው፣ ጎልማሳ ከሚባለው ትንሽ አለፍ ያለ፣ ገብቶ ለሁሉም አንገቱን ደፍቶ እኔ አጠገብ ባለችው ባዶ ቦታ ተቀመጠ። ቡናማውን ካፖርት ለብሷል። ጫማ ሻጩ ከማዶ «ጌጡ፣ ለአያ ካሴ ጠጋ በልለት» ሲል ሰውየው ዞር ብሎ አየኝ።

«ጌጡ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ። አያ ዘለቀ ያን ጊዜ ቤቴ ሲመጣ፣ ጎንደር ጌጡ የሚባል ሰው ብርድ ላይ መሆንህን ነግሮኝ ነው ብሎኛል። ስንት ጊዜ ልመርቅህ ብዬ ፈልጌህ አጣሁህ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳታውቀኝ ግን እንዴት አሰብኸኝ?»

ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ነበር። እትዬ ስንዱ በጓዳው በኩል ተቀምጣለች፤ ትሰማለች። አሁን ነው አልሁ፤ ያን ሰኞ ያላልሁትን አሁን እላለሁ።

«አያ ካሴ፣ አላሰብሁህም» አልሁት። «አንተን አላውቅህም ነበር። ዋሽቼ ነው። ለአያ ዘለቀ ያመጣሁለትን ካፖርት የቀደድሁት እኔ ነኝ፤ ከባጃጅ ኋላ አስሬ በአዘዞ መንገድ ጎትቼው ነው። ተጎትቷል ሲለኝ ጊዜ በቅሎ አልሁ። ካሴ አልሁ። ሁሉንም እኔ ነኝ የፈጠርሁት።»

ባጃጅ የሚለው ላይ አንዱ ከኋላ በሳቅ ፍርፍር አለ። «እውነቱን ነው፣ እኔ አይቸዋለሁ! ልጆቼን አገር እያስጎበኘሁ ነው ብሎኝ ነበር» አለ ሌላው። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛመተ። ሦስት ቀን የታመቀ ሳቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰበብ ሲፈልግ ነው የቆየው።

«እየቀለድሁ አይደለም» አልሁ። ቆሜ ነው ያልሁት። «ሰዎች፣ አታለልሁት እኮ ነው የምላችሁ።»

የባሰ ሳቁ። ጫማ ሻጩ ዓይኑን እየጠረገ «እኔስ መቼ ይጀምራል እያልሁ ነበር» አለ። ከጓዳው በኩል የእትዬ ስንዱ ድምፅ መጣ፤ «ተውት፣ ይናገር። ዘለቀ ቀልዱን ይወድለት ነበር።»

አያ ካሴ እንደ ሌላው ጮኾ አልሳቀም። ፈገግ ብሎ ደስ አለው እንጂ፤ ለሱ ብዬ ደክሜ ጨዋታ ያመጣሁለት መስሎታል። ልብሴን ይዞ ወደ ቦታዬ መለሰኝና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የበቅሎዋ ስምስ ማን ነበር?» አለኝ።

ሁሉም መልሴን ይጠብቃል፤ አንዱ ሰውዬ የንፍሮውን ሳህን ይዞ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። በቅሎ የለችም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው።

«ወለላ» አልሁት።